ወደ ባሕር የተደፋ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ አንድ ሻጭ አጠገቤ ሸንኮራ ይልጥ ጀመር። እርጥቡ የልጣጭ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ሰልፉ ጥሎኝ ሄደ። እኔ ላፍቶ፣ የድሮው ግቢያችን ውስጥ፣ ከትርሲት አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ያኔ ጀሞ ጤፍ እንጂ ፎቅ አይበቅልበትም፤ ውሃም ከቦኖ ተሰልፈን ነበር የምንቀዳው። ትርሲት የጎረቤታችን የእትዬ ወርቅነሽ አንድያ ልጅ ናት። አባቷ በምሥራቁ ጦርነት ሲሞት፣ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ኩባ ተላከች። ስትሄድ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። ሙሉ ሴት ሆና ስትመለስ አማርኛዋ እዚያው በልጅነቷ ቀርቶ ነበር። ያቺን የምታክል ሴት “እማዬ፣ እሹሩሩ በይኝ” ስትል ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። እትዬ ወርቅነሽም ይስቃሉ፤ ዞር ብለው ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ሥራ አላገኘችም። የተማረችው እርሻ ነው፤ በስፓኒሽ የተጻፈ ወረቀቷን የሚያነብላት ግን ጠፋ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እኛን ልጆቹን ሰብስባ ደሴቷን ታወራልን ነበር። ሸንኮራ በጥርሷ እየላጠች፣ “የአገሩ ባለቤቶች በስፔኖች እጅ አለቁ። ከዚያ ይህን የሚቆርጡ ጥቁሮች በመርከብ ተጭነው መጡ፤ በሰንሰለት” ትለናለች። ቆየት ብላ፣ “እኔም በመርከብ ነው የሄድኩት። እኔን ግን ፊደል አስተማሩኝ” ትላለች።

በመድኃኒት ብልቃጥ ይዛው የመጣችውን ጥቁር የባሕር አሸዋ መዳፋችን ላይ ቆንጠር ታደርግልናለች። ዝናብ ሲጀምር ከጫካ ወጥተው አስፋልቱን አቋርጠው ወደ ባሕር ስለሚወርዱ ቀይ ሸርጣኖች፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ እንደሚያሳልፋቸው፣ ንብ ስለምታክል ወፍም ትነግረናለች። የግቢው ባለቤት ጋሽ ገመቹ በሬዎቻቸውን ፈተው ሲመለሱ ይህን ሰምተው፣ “ንብ የምታክል? እንግዲያ እንቁላሏን የሚያዩት በመነጽር ነዋ! አሸዋሽም እኮ የከሰል ትቢያ ነው” አሏት። እሷም አብራ ሳቀች።

እትዬ ወርቅነሽ ግን የባሕር ወሬ ሲነሳ አይስቁም። “ባሕሩ አንዴ ልጄን ወስዶብኛል፤ ልቧንም አልመለሰልኝም። አሁን ደግሞ እሷኑ ሊወስድብኝ ነው” ሲሉ ለእናቴ ሰምቻለሁ።

የጳጉሜ መጨረሻ ምሽት ላይ እነ ትርሲት ደጃፍ ተሰብስበን ችቦ ለኩሰን “እዮሃ አበባዬ” ስንል፣ ትርሲት ከውስጥ በባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ ብቅ አለችና ሳታየን ለቀቀችው። ችቦው ጢስ ብሎ ጠፋ። እኛም በሰበስን። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ችቦ ማጥፋት! ያውም በቦኖ ውሃ! ሴቶቹ አማተቡ፤ ጋሽ ገመቹ ምድሩን እያዩ “ምን ዓይነት ምልኪ ነው?” አሉ። ትርሲት ባዶ ባልዲዋን ታቅፋ ቆመች። እዚያ ኩባ አሮጌው ዓመት ሲያልቅ ክፉው ሁሉ ይውጣ ተብሎ ውሃ በበር እንደሚደፋ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳች።

“ፊቴን በታጠብኩበት ውሃ እግሬን ታጥቤ፣ እሱኑ ጤና አዳም የማጠጣ ሴት ነኝ! ስንት ሰልፍ የቆምኩበት ውሃ ባከነ” አሉ እናትየው።

“አይባክንም፣ እማዬ። ውሃው ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ ባሕር ይገባል።”

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም። ኩባ የቀረው እጮኛዋ መንገዱን አበጀላት። “ኑሮው እዚያም ከፍቷል ይባላል” ብትላት እናቴ፣ “ቢከፋም የማውቀው ክፉ ነው” አለች። የሄደች ቀን እትዬ ወርቅነሽ አላለቀሱም። ታክሲው ከተሰወረ በኋላ የጫማዋን ዱካ ከደጃፉ ጭቃ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያዩ አየኋቸው። ያኔ እኔ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ጳጉሜ ችቦ ልንለኩስ ስንል የእትዬ ወርቅነሽ በር ተከፈተ። የቆርቆሮ ባልዲውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

“ልጆች፣ ችቦአችሁን ፈቀቅ አድርጉት” አሉ።

ፈቀቅ አልን። ውሃውን በደጃፉ ደፉት፤ ግቢውን አቋርጦ ወደ ቦዩ እስኪወርድ ቆመው ተከተሉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ሂድ እንግዲህ፤ ልጄን ሰላም በልልኝ” አሉ። በዚያ ምሽት ማንም ስለ ምልኪ አላነሳም።

በዓመቱ ጂኦግራፊ ተማርን። የሰፈራችን ውሃ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ አፋር በረሃ ላይ ሰጥሞ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። ትርሲት የደሴቷን ወንዝ ሁሉ በስም ታውቅ ነበር። አዋሽን ያስተማራት ግን አልነበረም።

ለእትዬ ወርቅነሽ አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ጳጉሜ ሲያልቅ ቦኖው ጋ እሰለፍና ባልዲያቸውን ሞልቼ አመጣላቸው ነበር። እስኪያልፉ ድረስ እንዲሁ አደረግሁ።