ምላሱ የማን ነው?

ከዳሎቻ የወጣሁት ከመግሪብ በኋላ፣ በበርበሬ ኩንታል ላይ ተቀምጬ ነው። ሸምሱን ካገባሁ ገና ወር አልሞላኝም። እሱ ወላይታ ሶዶ የልብስ ሱቅ ነበረው፤ የአጎቱ ልጅ አይሱዙ በርበሬ ጭኖ ወደዚያው ሲወርድ "በዚሁ ሂዱ" ብሎ ሁለታችንን ከጭነቱ ላይ ሰቀለን። ጋቢናው ውስጥ ማን ነበር ብትሉኝ፣ የአጎቱ ልጅ ሚስትና ፍየሏ። ወላሂ ፍየሏን ከሙሽራ አስበለጧት። እናቴ ከታች ቆማ ሻሿን እያስተካከለች "አታልቅሺ ልጄ፣ ሴት ልጅ መሄዷ መች ይቀራል" አለችኝ። "አላለቀስኩም፣ በርበሬው ነው" አልኳት። እያለቀስኩ ነበር። መኪናው ሲነሳ ግን በርበሬውም እውነትም ተነሳና ሆሳዕና እስክንደርስ ሳስነጥስ አመሸሁ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ "ሶዶ ደግሞ ምን ስደት አለው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበት" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ጠዋት በር ከፍታችሁ ጎረቤት ያለቻችሁ ነገር ካልገባችሁ ግን ስደተኛ ናችሁ፣ መንገዱ ቢያጥርም ቢረዝምም። አገሩ ደግሞ ዝናብ ነው። ዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይውጣል። ቆጮ እንደኛው አላቸው፤ በቅቤና በአይብ ለውሰው ሙቿ የሚሉትን ሲያቀርቡልኝ ጣቴን እየላስኩ "የእናቴ ይሻላል" አልኩ፣ ለወግ ያህል።

አከራያችን ጋሽ ሎሃ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ለቃል ፈተና እንደቀረበ ተማሪ አቆሙን። ልጅ አላችሁ ወይ አሉ፣ የለንም አልን። ትወልዳላችሁ ወይ አሉ። "ኢንሻላህ" አለ ሸምሱ።

"መቼ?" አሉ ጋሽ ሎሃ፣ ቀኑን ውሉ ላይ ሊጽፉት እንደሆነ ሁሉ።

ሚስታቸው እትዬ አስቴር ግን በመጀመሪያው ቀን ቆጮ በዳጣ ይዘውልን መጡ። ዳጣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተፈጭቶ የሚሠራ የወላይታ ማባያ ነው። እኔ በበርበሬ ላይ ተቀምጬ የመጣሁ ሰው፣ ይሄ ምን ያደርገኛል ብዬ በደንብ አጥቅሼ ጎረስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እትዬ አስቴር ስቀው ስቀው መሬት ተቀመጡ፣ ከዚያ ወተት ሊያመጡ ሮጡ። ወዳጅነታችን ከዚያ ቀን ይጀምራል። እሳቸው ክርስቲያን እኔ እስላም ነኝና አንዳችን ሌላው ያረደውን ሥጋ አንበላም፤ የዘመን መለወጫቸው ጊፋታ ሲደርስና በሬው ሲታረድ ግን ዳጣውን ሥጋ ሳይነካው ለብቻ አስቀምጠው ይሰጡኛል። ልጆቼን ያሳደግኩት በእሳቸው ግቢ ነው፣ የቤት ሥራቸውንም ያሠሯቸው ያ "መቼ?" ያሉት ሰውዬ ናቸው።

ሱቁን ቀስ በቀስ እኔ ያዝኩት። ሸምሱ ደግ ነው፣ ደግ ሰው ደግሞ ዋጋ መከራከር አይችልም። እኔ በስልጥኛ፣ በአማርኛና በወላይትኛ እከራከራለሁ። ከገሱባና ከተበላ ከተሞች የሚመጡ ቸርቻሪዎች "ዘይነባ በምላሷ ትጠልዘናለች" ይላሉ። አላህ ሲሻ በዚያችው ምላሴ ጎን ላይ የማይድን ቁስል ወጣ።

ጫት አልቅም፣ ሲጋራ አላጨስም። አዲስ አበባ ወስደው ሲያስመረምሩኝ ሐኪሙ ሸምሱንና ወንድሙን ከድርን ለብቻ ጠርቶ አነጋገራቸው። እኔ ኮሪደር ላይ ቦርሳ እጠብቅ ነበር። ሲወጡ ከድር "ቁስል ነው፣ ትንሽ ይጠረጋል" አለ። ከድር በሕይወቱ ሻይ ገዝቶልኝ የማያውቅ ሰውዬ ማር በጠርሙስ ሲያመጣልኝ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጋ ይዤ ከተኛሁ በኋላ ከጎኔ ያለችው በሽተኛ "ያንቺ ካንሰር የት ላይ ነው?" አለችኝ። እኔ ካንሰር የለኝም፣ የኔ ቁስል ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሽታዬን ያወቅሁት ከማላውቃት ሴት ጀርባ ነው።

ከምላሴ ጎን ቆርጠው አወጡ፣ ዳንኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ያ ንዴት አልወጣልኝም። ባሌ ያውቃል፣ ከድር ያውቃል፣ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ታውቃለች፣ የምሞተው እኔ አላውቅም። ንግግሬ ሲወፍር ለእናቴ በስልክ ጥርስ ተነቅዬ ነው አልኳት፤ እሷ አሮጊት ናት፣ ሩቅም ናት። ሱቅ ስመለስ የገሱባው ደንበኛዬ "አሁንስ ዋጋ ትቀንሻለሽ፣ ምላስሽ አጥሯል" አለኝ። እሱን በዚያ ቀን እንዴት አድርጌ እንደሸኘሁት እሱ ይንገራችሁ።

ዓመት አለፈና እዚያው ጎን ላይ ነጭ ነገር ወጣ። መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት። ለሸምሱ ነገርኩት፤ ብቻዬን እዚሁ ሶዶ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ ረጋ ያለ። ቆንጥሮ ናሙና ወሰደና አዲስ አበባ ተልኮ ይመረመራል አለኝ። ውጤቱ ሲመጣ ለማን እንደሚናገር ጠየቅሁት።

"ለቤተሰብ ነው የምንናገረው" አለ። "እንዳይደነግጡ ብለን ነው።"

"ማን እንዳይደነግጥ?"

"እርስዎ።"

"ዶክተር፣ ምላሱ የማን ነው?"

ሳቁን ዋጥ አድርጎ "የእርስዎ" አለ።

"እንግዲያው ወሬውም የኔ ነው። ከኔ ጆሮ በፊት ለማንም እንዳትናገር።"

ቃል ገባልኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ የጠበቀ ያውቃል። ሱቅ እቆማለሁ፣ ሰው ብርድ ልብስ አውርጂልኝ ይለኛል፣ እኔ ፎጣ እሰጠዋለሁ። ምላሴን አርፈሽ ተቀመጪ ስላት ይብስባታል፤ ቁስሉን ከጥርሴ ጋር ስታነካካው ትውላለች። ስሰግድ ሱጁድ ላይ ግንባሬን እንደደፋሁ እቆያለሁ። በየሳምንቱ ሆስፒታል ሄጄ ውጤት የሚሰጥበት መስኮት ላይ እቆማለሁ፤ ሰውዬው ቀና ሳይል "አልመጣም" ይለኛል። ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ ይመለሳል፣ እኔም ስመለስ ከረምኩ።

አንድ ቀን ሱቅ ተቀምጬ፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ቦንዳ ልብስ ቢዘገይብኝ እንደዚህ ዝም እል ነበር ወይ አልኩ። አልልም። ነጋዴ እቃ ሲጠፋበት መጣ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ማን ጫነው፣ በየትኛው መኪና፣ ማን ተረከበ ነው የሚለው። ለቦንዳ የማደርገውን ለምላሴ እንዴት ሳላደርግ ቀረሁ? በርጩማዬን ከሱቅ ይዤ ሄድኩና መስኮቱ ፊት ተቀመጥኩ።

"ውጤትዎ አልመጣም ብያለሁ" አለ ሰውዬው።

"ናሙናው ሄዷል ወይ?"

"ካልሄደ እንዴት ይመጣል?"

"እኔም የምለው እሱን ነው። ማን ጫነው?"

"እመቤት፣ ይሄ እቃ አይደለም፣ ናሙና ነው።"

"እሺ፣ ከእቃ ያላነሰ ክብር ስጡት።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔን ከሞኙ ቁጠሩኝ፣ አልነሳም አልኩ። ሰልፉ ከኋላዬ ማጉረምረም ሲጀምር ሰውዬው ተነስቶ ወደ ላብራቶሪ ወሰደኝ። የላብራቶሪዋ ልጅ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ብልቃጡ እዚያው አለ፣ ስሜ ተለጥፎበት። ካርቶኑ እስኪሞላ ነው የምንጠብቀው፣ ለአንድና ለሁለት ናሙና መኪና አይሄድም አለችኝ። አስቡት እንግዲህ! ምላሴ ወደ ተበላ ከተማ እንደሚሄድ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ትጠብቃለች፣ እኔ እዚህ እሞታለሁ። መጮህ አልጮህኩም። ኃላፊውን አስጠራሁ፤ እኔ ብቻ ሳልሆን በዚያ ካርቶን ያሉት ሁሉ ቤታቸው ተቀምጠው እየጠበቁ እንደሆነ ነገርኩት። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አፈረ። በማግስቱ መኪና አስነሳ።

የሹፌሩን ስልክ ሳልቀበል ግን ከግቢው አልወጣሁም። መንገድ ላይ ስደውልለት እየሳቀ "እህቴ፣ ምላስሽ ሰላም ነው፣ ሻሸመኔን አልፈናል" አለኝ። አዲስ አበባ ላይ የተረከበውን ሰው ስም እስክይዝ ድረስ አላረፍኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ እኔ ያን ጠዋት አልሳቅኩም። ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ተነስቼ ለውዱ ልታጠብ በር ስከፍት ግቢው ሰው ሞልቷል። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ በዚህ ስልጤም ወላይታም አንድ ነው። ሰላም የሚለኝ የለም። ጋሽ ሎሃ ጋቢ ለብሰው መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። ከድር አለ፣ የሱቅ ጎረቤቶቼ አሉ። ማን ነው የሞተው ብዬ ጠየቅሁ። በዓይኔ ቆጠርኩ፤ ልጆቼ አሉ፣ ሸምሱ አለ፣ እናቴ ብትሆን መርዶውን ሊያረዳኝ ከድር ከፊት ነበር የሚቆመው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

በሩን ተደግፌ "ሸምሱ፣ ተናገር" አልኩት። ማታ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ሆስፒታሉ የደወለው ለሱ ነው። ውጤቱ ደርሷል፣ ጠዋት ትምጣ ብለውታል።

"ምንድን ነው አሉህ?"

"ለአንተ አንናገርም አሉኝ" አለና እንባው መጣ።

ለካስ ሸምሱ ሐኪም ለባል ያልተናገረው ነገር ከሞት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብሎ ለከድር ነገረው፤ ከድር ለጋሽ ሎሃ፤ ግቢው በዚያ ሞላ። ማንም ምንም አያውቅም፣ ሁሉም ግን ሊቀብረኝ መጥቷል። "ለማንም እንዳትናገሩ ያልኳቸው እኮ እኔ ነኝ!" አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ፣ ግን የተነሳ የለም። እኔም ብሆን ውጤቱን አላውቅም።

ሰግጄ ወጣሁ። በባጃጅ ስሄድ ባጃጆች ተከታትለው መጡ። የዶክተሩ ክፍል በር ላይ ሸምሱ አብሮኝ ሊገባ ሲል ደረቱን በእጄ ገፋ አድርጌ "ጠብቀኝ" አልኩትና በሩን ዘጋሁ። ተቀመጥኩ።

"ካንሰር አይደለም" አለ ዶክተሩ።

"ድገመው።"

"ካንሰር አይደለም፣ ወይዘሮ ዘይነባ።"

አላመንኩም፣ ስሜን አሳየኝ አልኩት፤ አሳየኝ። ታዲያ ምንድን ነው ስለው አፌን አስከፈተና ከኋላ ያለው መንጋጋዬ ጫፉ ተሰብሮ ያንኑ ቦታ ሲፍቅ እንደከረመ ነገረኝ። ጥርሱ ይስተካከላል፣ ቁስሉ ይድናል፤ ግን በየጥቂት ወሩ እየመጣሁ መታየት አለብኝ፣ መቅረት የለም። ያልጠየቅሁት አልቀረም፣ ዳጣ መብላት እችል እንደሆነ ጭምር። ቁስሉ እስኪድን ታገሺ ከማለት ይልቅ "ይታገሱ" ሲለኝ ክብሩ ራሱ ደስ አለኝ።

በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ሁሉ ወደኔ ዞረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ወሬ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ትንሽ ያዝኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ "ወደየቤታችሁ ሂዱ፣ አልሞትኩም፤ ጥርስ ነው" አልኳቸው። ሸምሱ ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን መልሰው እልልታቸውን አቀለጡት። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ እዚህ እልል አይባልም ሲል ጋሽ ሎሃ "ታዲያ የት ሊባል ነው?" ብለው ተቆጡት። የመስኮቱ ሰውዬ እንኳን አንገቱን አውጥቶ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስቴር ቆጮና ዳጣ አቀረቡ። ይታገሱ ተብያለሁ፣ ግን የጣቴን ጫፍ ብቻ ነክሬ ላስኩ። ያ ረቢ! ራሴን ይዤ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ለእናቴ ደወልኩ። ከአሁን በኋላ እኔም አልደብቃትም ብዬ ነበርና ሁሉንም ከመጀመሪያው ልነግራት ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ከአዲስ አበባው ጀምሮ አውቃለሁ። አንቺ እንዳትደነግጪ እንዳልነግርሽ ከድር አስማለኝ፣ አንቺ ደግሞ እኔ እንዳልደነግጥ ደበቅሽኝ። ውጤቱን ንገሪኝ፣ ብቻ ጥርስ ነው እንዳትይኝ።"

"እማ፣ ጥርስ ነው።"

አላመነችኝም። በአላህ ስም ማልኩላት፣ ሸምሱ ማለላት፣ እትዬ አስቴር በወላይትኛ ማሉላት። ስትስቅ ሰማኋት።

"እያለቀስሽ ነው?" አለችኝ።

"በርበሬው ነው።"

"ያኔም እንዲሁ ብለሽኛል። አሁን ነይና ልይሽ።"

"ኢንሻላህ፣ እመጣለሁ" አልኳት።

"መቼ?" አለችኝ።