ከጥፋት ውሃ የቀረው አጥንት

ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ አንብቤ፣ ስለ ዳይኖሰር ከመጽሐፍ ቅዱስ በማስረዳት በድሬዳዋ የሚቀድመኝ የለም።

ዛሬ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲያልፍ የእርጥብ አሸዋው ሽታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። ያኔም ከጎርፍ በኋላ ከአባቴ ጋር አሸዋ ስንዝቅ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ አጥንት ብቅ አለ!

«ወላሂ የግመል ነው!» አለ ጎረቤታችን አብዲ።

«የቱ ግመል ነው ይህን የሚያክለው? ከጥፋት ውሃ በፊት የነበረ አውሬ ነው» አለ አባቴ።

«ታዲያ ነቢ ኑህ ለምን መርከቡ ላይ አልጫነውም?» ብሎ አብዲ ሳቀበት።

አባቴ ተረታ ብዬ ደነገጥኩ።

«ግልገሉን ጭኖታል!» አለ አባቴ።

ሳይገባኝ በደስታ ዘለልኩ።

አሁን ገብቶኛል፤ ግልገል ቦታ አይፈጅም። ስለ ግዙፍ አውሬዎች የሚናገረውን መጽሐፈ ኢዮብን በቃሌ ይዣለሁ፤ አውሬዎቹን ግድግዳዬ ላይ ስያለሁ፤ የሰፈሩን ልጆች አስተምሬአለሁ፤ አባቴ የጀመረውንም ክርክር ረትቻለሁ።