በተራራ ላይ የተሸኘ ጀልባ

ሰቆጣ ውስጥ ጀልባ ያለው ነጋዴ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚያዋጣ ቢሆን ሌሎቹም ይኖራቸው ነበር። ሥራውን ዘግቶ ከሄደ አንድ ድርጅት ጨረታ ላይ ነው ያገኘሁት፤ ጀልባው ለብቻ፣ ተሳቢው ለብቻ ወጣ፤ ሁለቱም እኔው ላይ ወደቁ። ሌላ ተጫራች ስላልነበረ "አሸነፍኩ" ለማለት አፌን ይይዘኛል። ሐሳቤ፣ የተከዜ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ከኛው ዝቋላ ወረዳ በታች ተኝቶ የቀረው ውሃ ላይ ዓሣ ማስወጣት ነበር። ፍየልና ማር ስነግድ የኖርኩ ሰው፣ ዓሣ ምን ያቅተኛል አልኩ። ጀልባው ግን ውሃ ሳያይ ግቢዬ ውስጥ ክረምትና በጋ አሳለፈ። ዶሮዎቼ ዕንቁላል ይጥሉበት ነበር።

አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት አንዲት አሮጊት ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ሐዘን ላይ መሆናቸውን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጃቸው እዚያው ውሃ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ጀልባቸውን ገለበጠው፤ ጓደኞቹ ዋኝተው ወጡ፤ እሱና ጀልባው ሰመጡ። አስከሬኑን የሚፈልጉበት ሌላ ጀልባ በዚያ ዳርቻ የለም።

"አንተ ዘንድ አለ አሉኝ" አሉ።

"አለ እናቴ። ግን እሱም ውሃ አያውቅም።"

"እኛስ መቼ ውሃ እናውቅ ነበር? ቤታችን ድረስ መጣብን እንጂ።"

ውሃው መሬታቸውን ሲውጠው ወደ ደጋ ወጥተው፣ ከሰቆጣ ዙሪያ አንድ መንደር የሰፈሩ ናቸው። ከኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ለራሳቸው ሲናገሩ ግን በኽምጣኛ ነው። ኽምጣኛ የማውቀው የገበያውን ያህል ነው፤ የሐዘኑን አላውቀውም።

"በልብሱ አለቀስን" አሉኝ። "እኔ ግን የወለድኩት ልብስ አይደለም። አምጣልኝ። ሰው ከኋላው እየሄደ፣ እንደ ሰው ተሸኝቶ ቤተ ክርስቲያናችን ይግባልኝ። ሌላ አልልህም።"

ለዚህ እምቢ የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ከሱ ጋር አልነግድም።

ፒካፕ ያለው አንድ ወዳጄን ጠራሁት። ሹፌር ነው፤ አፉ ከመኪናው ይፈጥናል። ተሳቢው የተሠራው ሰፋ ላለ ጀልባ ስለነበር፣ የኔው በማረፊያ ብረቶቹ መካከል የታላቅ ወንድሙን ጫማ እንዳጠለቀ እግር ይዋልል ነበር። ብረቶቹን ፈትተን አቀራረብናቸው፤ ጀልባውን እንዳይልጡት አሮጌ ጎማ ቆርጠን አለበስናቸው። ከዚያ የተሳቢውን አንገት፣ መኪናው መንጠቆ ላይ የሚቀመጠውን ብረት ማለቴ ነው፣ በአንድ እጄ አነሣሁት። ብድግ አለ። በጣም ደስ አለኝ። እኔ የማውቀው የአህያ ጭነት ነው፤ አህያ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ሥራው አለቀ። እኔም ፊትና ኋላውን እኩል አድርጌ፣ ጥሩ የጫንኩ መስሎኝ እጄን አራገፍኩ።

አቧራና ነፋስ እንዳይገባበት ደግሞ፣ ሱቄ ውስጥ የከረመ አንድ ጣቃ አቡጀዲ አውጥቼ ከአፍንጫው እስከ ኋላው ሸፈንኩት፤ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። አቡጀዲ ስሸጥ የኖርኩ ነኝ። ገዢው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጠይቅ ለምን እንደሚፈልገው አውቃለሁ፤ ዋጋም አልጨምርበትም። ታዲያ ያን ጠዋት እንዴት እንዳልታየኝ እስካሁን አልገባኝም።

አሮጊቷን መካከላችን አስቀምጠን ወጣን። የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ ወደ ከተማ በሚወጣ ሰው ተሞልቷል። የመጀመሪያውን ቁልቁለት እንደ ጀመርን ተሳቢው መወዛወዝ ያዘ። መኪናው ወደ ግራ ሲል ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ሲያቃናው ተሳቢው ደግሞ መኪናውን ወደ ገደሉ ይስበዋል።

"አያ" አለኝ ሹፌሩ፣ "ከኋላ ሌላ መሪ የያዘ ሰው አለ እንዴ?"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

"እኔማ ልንዳ፤ እሱ አላስነዳ አለኝ እንጂ።"

አቆምን። ፍየል የምመዝንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ከኔ አይለይም። አንገቱን ከመንጠቆው ፈትተን በሚዛኑ አንጠለጠልነው፤ ሚዛኑን ደግሞ በአጣና ላይ አድርገን እኔና ሹፌሩ በትከሻችን አነሣነው። መርፌው ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ያኔ ነው የገባኝ። ተሳቢ አህያ አይደለም፤ አንገቱ መኪናውን ትንሽ መጫን አለበት፤ ከጠቅላላው ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ያህል። ካልጫነው ኋላው ፊቱን ይመራዋል። የጎማውን ዘንግ ወደ ኋላ ልንገፋው ሞከርን፤ ብሎኖቹ በዝገት ተጣብቀዋል። ጀልባውን ወደ ፊት ሳብነው፤ ከስንዝር በላይ ሲሄድ በመታጠፊያ ላይ መኪናውን የሚወጋ ሆነ። የቀረን ድንጋይ ነው። ከመንገዱ ዳር እየለቀምን በአቡጀዲው ሥር አፍንጫው ውስጥ እንከት ጀመር።

ቀና ስል ሰዎች ከበውናል።

ሲመጡ አልሰማኋቸውም። ወንዶቹ ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደዋል፤ ሴቶቹ ሸክማቸውን መሬት አስቀምጠዋል። የምንሠራውን የሚያዩ አይመስሉም፤ የሚያዩት ነጩን ነው። መኪናችን ሲንቀሳቀስ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ፤ ጀርባቸውን ለገበያው ሰጥተው ከኋላችን መሄድ ጀመሩ። በኛ አገር አስከሬን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ጥቂት ሳይሸኝ አያልፍም። እኔም ስንቱን ሸኝቻለሁ፤ ተሸኝቼ ግን አላውቅም። በመስተዋቱ ሳይ ነጠላና ጋቢ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ አቧራው እግራቸውን ሸፍኖታል። አንዲት ሴት ዋይታ ጀመረች።

ሹፌሩ አቆመና ራሱን በመስኮት አወጣ። አንድ ሽማግሌ ቀረቡት፤ ጋቢያቸውን መስቀለኛ ለብሰዋል።

"ማነው ያረፈው ልጄ?"

"ጀልባ ነው አባባ! ገና ክርስትና ያልተነሣ!"

"ምን አልክ?"

"ጀልባ! ውሃ ላይ የሚሄድ! ልናስጠምቀው እየወሰድነው ነው!"

ሽማግሌው አቡጀዲውን ገለጥ አድርገው አዩ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ዋይታ የጀመረችው ሴት ራሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንፈቀፈቀች። "ለእንጨት አስለቀሳችሁን!" "እግዜር ይያዝላችሁ!" እየተባባሉ ሸክማቸውን አነሡ። እኔም ሣቅሁ። አሮጊቷ አልሳቁም።

"ምነው ዝም ብትላቸው" አሉት ሹፌሩን።

"ባዶ ነው እኮ እናቴ።"

"ለማን ሆነና የሚሄደው?"

ሹፌሩ መኪናውን አስነሣ። ድንጋዩ ረድቶን ውዝዋዜው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ እየተደነባበርን ውሃው ዳር ስንደርስ መሽቷል።

ጠዋት አየሁት። ያ ውሃ ሐይቅ ይባላል፤ እኔን ግን ሐይቅ አልመሰለኝም። ዛፎቹ አሁንም በቦታቸው ቆመዋል። ቅጠል የላቸውም፤ ደርቀው ነጥተዋል፤ ከውሃው የወጡት ጫፎቻቸው ብቻ ናቸው። ከሥር ማሳ፣ አጥር፣ የቤት ደጃፍ እንዳለ ታውቃለህ፤ የምታየው ግን ዝም ያለ ውሃ ነው። ከአደጋው የተረፉት የልጁ ጓደኞች ጀልባውን ከተሳቢው አንሸራተው ሲያስገቡት ምንም ድምፅ አላሰማም።

"ከየት እንጀምር?" አሉ። ጀልባቸው የተገለበጠበትን ቦታ ቀድመው በሩቅ አሳይተውኛል።

አሮጊቷ ጣታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዘረጉ። "ያቺ ሾላ ጋ።"

"እናታችን፣ የወደቅነው እዚያ አይደለም እኮ።"

"አውቃለሁ። ከማሳ ስንመለስ ከሥሯ ነበር የምናርፍ። ትንሽ ሆኖ፣ ስንጠራው እምቢ ብሎ እዚያው ይተኛ ነበር።"

ሊያስደስቷቸው ብለው ወደዚያ ቀዘፉ። እኔ ከአሮጊቷ ጋር ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ሾላዋ ጋ ሲደርሱ መቅዘፊያቸውን አቆሙ። አንዱ እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። አሮጊቷ "እ" አሉ፤ ከሩቅ የተጠራ ሰው እንደሚመልስ።

ነፋስ ገፍቶት ይሆናል። ውሃውም የራሱ መንገድ ይኖረዋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

የምንገንዝበት ሌላ ጨርቅ ስላልነበረ ከጀልባው የገፈፍነውን አቡጀዲ አመጣን። ለዚያ ሥራ በቃ፤ ተረፈም። ጀልባው ተሳቢው ላይ ተመልሶ ሲወጣ፣ ድንጋዩንና ሟቹን አንድ ላይ የሚይዝ ቦታ አልነበረም። ድንጋዩን አወጣን። ራሱን ወደ አፍንጫው አድርገን፣ ከጎማው ፊት በኩል አስተኛነው። ከዚያ የተሳቢው አንገት መመዘን ነበረበት፤ መንገዱ ገደል ነውና። ሚዛኔን ሳወጣ እጄ እንደ ሌባ እጅ ከበደኝ። መርፌው ሄዶ ሄዶ፣ ትናንት በድንጋይ ስናስለምነው ውለን እምቢ ያለን ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገበያ ላይ ሚዛን ስይዝ ጮክ ብዬ ነው የማነብ። ያን ቀን ለሹፌሩም አልነገርኩትም።

ዳገቱን ስንወጣ ተሳቢው እንደ ክር ተከተለን። ግራ የለ፣ ቀኝ የለ። መታጠፊያ ላይ ትናንት የሚጎትተን፣ ዛሬ የሌለ ያህል ሆነ። ሹፌሩ በመስተዋቱ አየና፣

"አያ፣ ምን ነካው? ቀጥ አለ እኮ" አለኝ።

"ሚዛኑ ተስተካከለ።"

"እሱንማ አውቃለሁ።" ጥቂት ሄደና ደግሞ፣ "ቢወዛወዝ ይሻለኝ ነበር" አለ።

ከላይ መንደሮቹ ይታዩ ጀመር። ወሬያችን ቀድሞን አድሯል። አሁን ነጭ ነገር የለም፤ ነጩ ከጀልባው ተገፍፎ እሱ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጀልባው ግድግዳ በታች ተኝቷል። ከመንገድ ለሚያይ ራቁቱን የሚሄድ ጀልባ ነው። አጨዳ ላይ የነበረ አንድ ጎረምሳ ማጭዱን ወደ ላይ አንሥቶ ጮኸ።

"ተጠመቀ?"

ሌላው ከማዶ፣ "ክርስትና ስሙን ማን አላችሁት?"

"አበ ልጁማ ነጋዴው ነው! ድግሱ የታለ?"

ከዚያ ውሃ የምትቀዳ ሴት እልል አለች። አጠገቧ ያሉት ተቀበሏት። ከነሱ በላይ ያለው መንደር ደግሞ ሰምቶ ተቀበለ። እልልታው ከተራራ ተራራ እየተቀባበለ ከፊታችን ይሄዳል፤ እኛ ገና ሳንደርስ በላይኛው መታጠፊያ ይጠብቀናል። ያን ያህል ደስ የሚል ድምፅ እንዲህ ያስፈራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ መስኮቱን ዘጋ። ግን ይሰማል።

አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ያያሉ።

"ለልጄ ነው?" አሉ።

ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"አቁምልኝ።"

ወረዱ። ከተሳቢው ኋላ ሄደው ቆሙ፤ አዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ አጠበቁ። "ሂድ" ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ሹፌሩ በሰው እርምጃ መንዳት ጀመረ። እኔም ወርጄ ከጎናቸው ሄድኩ። አሮጊቷ አላለቀሱም፤ ወደ ኋላም ወደ ጎንም አላዩም። አንዲት ሴት፣ አንድ ነጋዴ፣ ከፊት ጀልባ።

እልልታው ወዲያው አልቆመም። ውሃ ቀጂዎቹ ፊት ስንደርስ ያቺ ሴት አፏን እንደ ከፈተች የአሮጊቷን ነጠላ አየች፤ ድምፁ ጉሮሮዋ ላይ ተቆረጠ። ከማዶ ግን ያላዩት አሁንም እልል ይላሉ። ከታች ዝምታው፣ ከላይ እልልታው፤ ዝምታው እየተከተለ አንድ በአንድ ያጠፋው ነበር። የትናንቱ ሽማግሌ ከአንድ አጥር ሥር ተነሥተው መጡ። ወደ ጀልባው ተጠግተው በግድግዳው ላይ ወደ ውስጥ አዩ። ከራሳቸው ላይ ቆባቸውን አወለቁ። ዞረው ከኋላችን ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ከየማሳው ይወጡ ነበር። ማጭድ እንደያዙ፣ እንስራ እንዳዘሉ። በኛ አገር ለቅሶ ድምፅ አለው፤ አስለቃሽ አለው፤ ደረት ይመታል። ትናንት ለባዶው አልቅሰዋል፤ ዛሬ ግን ከማንም ድምፅ አልወጣም። የሚሰማው እግር ብቻ ነው።

"አሉ?" አሉኝ አሮጊቷ ሳይዞሩ።

ዞሬ አየሁ። መንገዱ እስከ መታጠፊያው ሞልቶ፣ ከመታጠፊያው ወዲያም ይመጣ ነበር።

"አሉ እናቴ።"

የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ከዋናው በሚለይበት ቦታ ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው መኪናውን አስቆሙ።

"ከዚህ ወዲያ በመኪና አይጎተትም" አሉ። "ሰው ነው። ፍቱት።"

ፈታነው። ወንዶቹ ተረባረቡበት፤ አጣና አምጥተው በተሳቢው አንገት ሥር አሳለፉና በትከሻቸው አነሡት፤ የቀሩት ጎንና ጎኑን ያዙ። ሹፌሩ መኪናውን እዚያው ጥሎ ሰው መሃል ገባ። እኔም ተራዬን ትከሻዬን ከአጣናው ሥር አስገባሁ። ሚዛኔ ያሳየኝን አውቃለሁ፤ ስንት ሰው እንደያዘውም አያለሁ። ትከሻዬ የነገረኝ ግን ከዚያ ጋር አልገጠመም፤ ይህን ለማስረዳት አልሞክርም።

ዳገቱ ሲጀምር ደከመን መሰለኝ፣ አንገቱ ወደ መሬት አዘነበለ። አሮጊቷ ከኋላ ፈጥነው መጥተው፣ በሰው መሃል አልፈው፣ አፍንጫው አጠገብ ደረሱ። እጃቸውን ጀልባው ላይ አሳረፉ።

"ልጆቼ፣ ትንሽ ቀና አድርጉት" አሉ። "ራሱ ወደ ታች ሆነበት።"

ቀና አደረግነው።