ክዳኑ ያልተከፈተ ካሜራ

ከዝቋላ ሰቆጣ የገባው እንግዳ የካፖርቱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ከቦርሳው ካሜራ አወጣና የሌንሱን ክዳን እንደገጠመ ደጋግሞ ፎቶ ያነሳ ጀመር። ሻይ ያመጣችለት እየሩስ አዘነችለት።

«ጋሼ፣ ክዳኑን ረስተውታል።»

«አልረሳሁም። ኮከብ የማነሳበት ነው፤ ካሜራ ሲያረጅ፣ ሲሞቅ በጨለማው ላይ ከራሱ ቀይ ነጥብ ያወጣል፤ ክዳኑን ገጥሜ የምፈትነው ለዚያ ነው። የፊተኛውን ካሜራ በዚሁ የተነሳ ጣልኩት።» ስክሪኑን አዞረላት። «እዚህ ጥግ ያለችው ነጥብ ትታይሻለች?»

እየሩስ አጎንብሳ አየች። ጥቁር ብቻ ነው።

«ምንም የለም፣ ጋሼ።»

«እስቲ ደህና አድርገሽ እዪ።»

«የለም።»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን በመዳፉ ጫን አደረገ።

«እንግዲያስ ካሜራው ጤነኛ ነው» አለ በቀስታ። «ነጥቧ ከገዛ ዓይኔ ናት።»

«ምነው አየሁ ብዬ በዋሸሁ» አለች እየሩስ በሆዷ።