በልጄ ተዝካር ላይ የተነሣው የቅርጫት ኳስ ክርክር

የልጄ የጌታሰው መርዶ የደረሰኝ ቀን ጎረቤቶቼ በሬን ያንኳኩት ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። ካህኑን ከፊት አስቀድመው ሲገቡ ሳይ ነገሩ ገባኝ...

ጽጽቃ ከተማ ሥራ ይዞ ገና ዓመት አልሞላውም። ፋሲካን ከኔ ጋር ውሎ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

ያን ቀን ከመሬት ያነሣኝ ምስጋናው ነው። የልጄ ጓደኛ ነው። አብረው ተምረዋል፤ ለሰቆጣ ልጆች ቡድንም አብረው ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። «እናቴ፣ እኔ አለሁልዎት» አለኝ። አመንኩት። ደግሞም ነበረ... ውኃ አስቀዳ፣ ድንኳን አስተከለ፣ ለቀስተኛ ተቀበለ።

ስለዚህ አርባው ሲደርስ በተዝካሩ እንደ ልጅ ሆኖ ሰው እንዲያስተናግድልኝ እሱን አቆምኩት። የጌታሰውን ማልያም አጥቤ፣ አጣጥፌ አስቀምጬ ነበር፤ ሰው ሲበተን ልሰጠው።

ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ በልተው ሲሄዱ ወጣቶቹ ዳሱ ውስጥ ቀሩ። እኔ ከሸራው ወዲያ ዳቦ እቆርስ ነበር። ወሬያቸው ዞሮ ዞሮ ኳስ ላይ ወደቀ። አልከፋኝም። ሐዘን ቤት ሰው ልብ እንዲረሳ ያወራል፤ ያለ ነው።

የሚከራከሩት በዐቢይ ጾም ከጎረቤት ወረዳ ከጋዝጊብላ ልጆች ጋር ስለተደረገው ጨዋታ ነበር። በአንድ ነጥብ ነው የተሸነፍነው። ለጨዋታው ብሎ ከጽጽቃ ለመጣው ለጌታሰው የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ።

አንዱ ጥፋቱን በዳኛው ላይ ጣለ። ሌላው አሠልጣኙ ነው፣ ረጅሙን ልጅ አስቀምጦ አጭሩን አስገባ እያለ ይሟገታል። ባለ ሻይ ቤቱ ታደለ ደግሞ የጋዝጊብላ ልጆች ገበያ በእግር ሲመላለሱ ነው ያደጉ፣ እናንተ ባጃጅ የለመዳችሁ እንዴት ትችሏቸዋላችሁ ብሎ አሳቃቸው። እኔም ከሸራው ወዲያ ፈገግ አልኩ... ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነፍሱን ይማረውና፣ ጌታሰው እነዚያን ሁለቱን ቢያገባቸው ኖሮ...» አለ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጥፋት ተሠርቶበት፣ ማንም ሳይከላከለው ቆሞ ሁለት ጊዜ እንዲወረውር ተሰጥቶት ነበር። ሁለቱንም ሳተ። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ቤት መጥቶ ነግሮኛል።

ምስጋናው ይመልስለታል ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

«እህል ሳይቀምስ ገባ እኮ» አለ ምስጋናው። «ብላ ብዬው ነበር። ግትር ነው፣ መች ሰው ይሰማል? እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የወረወረ። እውነቱን እናውራ ካልን የተሸነፍነው በሱ ጾም ነው።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ።

ያ ጾም የልጄ ብቻ አልነበረም። በጨዋታው ዋዜማ ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ቤቴ ተቀምጠው ነበር። «እናቴ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ እህል ውኃ ላንቀምስ ተስለናል። እርስዎም ይጸልዩልን» ያለኝ ራሱ ምስጋናው ነው። ስለቱን ያነሣው እሱ ነው፤ ልጄ አጠገቡ ሆኖ ይስቅ ነበር።

ያም ሆኖ፣ ሰው ፊት አፍሮ ይሆናል ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ታደለ ቀጠለ። «አንተማ ረፋድ ላይ እኔ ቤት ሽሮህን ጥርግ አድርገህ ነው የገባህ። ታዲያ አንተስ መች አገባህ?» አለው። ልጆቹ ሳቁ። ምስጋናውም አብሯቸው ሳቀ።

መብላቱ አይደለም የጎዳኝ። ወጣት ነው፣ ይርበዋል፤ ፍርዱም የእግዚአብሔር ነው።

የጎዳኝ ሌላ ነው... ያን ዕለት ከጨዋታው በኋላ ሁለቱም ወደ ቤቴ መጡ። ጌታሰው ከንፈሩ ደርቆ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። እንጀራ ሳቀርብ እጁን አልዘረጋም። «ለምስጋናው አስቀድሚለት» አለኝ። «እሱም እንደኔ እህል አልቀመሰ። ኳስ አበላሸ እያሉ ሲሰድቡት ዋሉ... የራበው ሰው ጉልበት ከየት ያመጣል?»

ለምስጋናው አስቀደምኩ። በእጄ አጎረስኩት። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብሎ፣ እንደ ተራበ ሰው በላ።

ልጄ ይህን እንዳመነ ሞተ።

ዳቦውን በሰፌድ ይዤ ወደ ዳሱ ገባሁ። ለሁሉም አደልኩ። ምስጋናው ዘንድ ስደርስ ትልቁን ቁራሽ መርጬ ሰጠሁት።

«ብላ ልጄ» አልኩት። «ዛሬ ስለት የለብህም።»

ታደለ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ምስጋናው ዳቦውን መደቡ ላይ አስቀመጠና ተነሣ። «እትዬ፣ ደኅና ይዋሉ» ብሎኝ ወጣ።

ያን ሁሉ ዘመን እናቴ ሲለኝ የኖረ ልጅ... እትዬ አለኝ።

ማልያው አሁንም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ምስጋናውን አልረገምኩትም። ግን ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጦም አያውቅ፣ እኔም ጥሩት አላልኩ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ያስሸነፈንን ሰው ፈልጉልኝ አልልም። ነፍስ ይማር በሉልኝ። ስትጸልዩለት ግን ጌታሰው አትበሉት፤ በክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል በሉት። በዚያ ስም ኳስ የሳተ ሰው የለም።