ለጉድጓዱ ፍጡር የወጣለት ስም

ፀደይ ይሁኔ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። ከፊት ለፊት ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ትሸጣለች፤ ለፈለገም ፊልም በሚሞሪ ትጭናለች። ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ክፍል ደግሞ ሰፊ ቴሌቪዥን፣ የጌም ማሽንና ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ፊልም ታሳያለች። ሰው የሚመጣው ግን ለቴሌቪዥኑ ሳይሆን ለእሷ ትርጉም ነው። ማይክ ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጥና የጃፓን አኒሜሽኖችን እየተከተለች በአማርኛ ታወራለች። ሽማግሌ ሲናገር ድምፅዋን ታወፍራለች፤ ሕፃን ሲያለቅስ ታቀጥናለች።

ዩኒቨርሲቲ የተማረችው እንግሊዝኛ ነው፤ ጃፓንኛ አትችልም። ስለዚህ አንድ ፊልም ጃፓን ውስጥ ቢወጣም ለእሷ ገና አልወጣም። ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተሻግሮ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ እስኪገባለት ትጠብቃለች። ደንበኞቿም ይህን ስለለመዱ በሱቁ ባለፉ ቁጥር «ፈረንጆቹ ጋ ደረሰ?» ይሏታል።

ባለፈው ዓመት ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ፊልም ነበር። ታሪኩ መጀመሪያ የመጣው በጌም ነው። ሚዮ የምትባል ልጅ ውኃ የዋጠውን መንደሯን ልትፈልግ ከበሮ ተሸክማ ትነሣለች፤ አንድ ባለ ቀንድ ፍጡር ከተተወ የውኃ ጉድጓድ ወጥቶ ይከተላታል። የፀደይ ደንበኞች ጌሙን እየተፈራረቁ ጨርሰውታል፤ እሱ ግን መንደሩ በር ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከበሩ ወዲያ ያለው በፊልሙ ይታያል ተባለ። ፊልሙ ጃፓን ውስጥ በክረምት ታየ፤ ምዕራባውያን ዘንድ የሚደርሰው በኅዳር እንደሆነ ተነገረ።

በዚህ መሃል ችግር መጣ። የጌሙ እንግሊዝኛ ፍጡሩን «ዲመን» ይለዋል፤ ፀደይም እንደተጻፈው «ሰይጣኑ» እያለች ስትተረጉም ከርማለች። አንድ ጠዋት ከመናኸሪያው ማዶ እህል የሚነግዱት ወይዘሮ ቦጋለች ሱቋ መጡ። ልጃቸው ቤቲ አንድም ቅዳሜ የማትቀር ተመልካች ነበረች።

«ቤቲ ማታ ገበታ ላይ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?» አሉ ሳይቀመጡ። «‹ሰይጣኑ ጥሩ ነው፣ ልጅቷን አዳናት› አለች። አባቷ ምግቡን ትቶ ተነሣ። አንቺ እኮ የመሪጌታ ልጅ ነሽ።»

«ተረት ነው፣ እትዬ።»

«ተረት መሆኑን አላጣሁትም። ሰይጣን የሚያመሰግን ተረት ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ወይዘሮ ቦጋለች ልጃቸውን ከለከሉ፤ ሌሎች እናቶችም ተከተሏቸው። ብዙም ሳይቆይ አግዳሚዎቹ ግማሽ ባዶ ሆኑ። ፀደይም ፊልሙ ሲመጣ ለማን እንደምታሳየው ማሰብ ጀመረች።

አባቷ መሪጌታ ይሁኔ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደባቸው ከአንድ ዓመት ወዲህ ተማሪው ሲያነብብ በጆሯቸው እየሰሙ ነበር የሚያርሙት። በኅዳር ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተቀጠረላቸው፤ ቀጠሮውም ፊልሙ ለምዕራቡ ዓለም በሚለቀቅበት ሳምንት ዋለ። ፀደይ ሱቁን ዘግታ አባቷን ይዛ ሄደች። ባሕር ዳር ኢንተርኔቱ ይሻላል ብላ በልቧ አስባ ነበር፤ ይህን ግን አልነገረቻቸውም።

ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቶ ተሸፈነ። ባረፉበት ክፍል አልጋ ላይ ጋደም እንዳሉ ፊልሙ ተለቀቀ። ፀደይ በስልኳ ማውረድ ጀምራ ከመስኮቱ ወደ በሩ ትመላለሳለች።

«ምን ሆነሻል? ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ አልቀመጥ አልሽ» አሉ መሪጌታ።

«ፊልም እየጠበቅሁ ነው፣ አባዬ። የጃፓን ነው።»

«የጃፓኑን ከጃፓን አትወስጂም?»

«ቋንቋውን አላውቀውማ። አሜሪካ ሲደርስ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፤ እኔ ከእነሱ ወስጄ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።»

«የእኛም መጻሕፍት አንዳንዶቹ እንዲያ እየዞሩ ነው የመጡት፤ ከጽርዕ፣ ከግሪኩ፣ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብ ወደ ግእዝ። በይ እንግዲህ ለእኔም ተርጉሚልኝ። ዓይኔ ሥራ ፈቷል።»

ፀደይ ፊቷ ቀላ። አባቷ ፊት ተርጉማ አታውቅም። ፊልሙ ወርዶ ሲያልቅ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ ጀመረች። መጀመሪያ በዝግታ ተረጎመች፤ ሚዮ በረሃውን ስታቋርጥ ግን ራሷን ረሳችው። ሰይጣኑ በቀንዱ ውኃ ቀድቶ ልጅቷን የሚያጠጣበት ቦታ ላይ ስትደርስ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ አቁሚው። ይህ ሰይጣን ያልሽው ማደሪያው የት ነው?»

«ጉድጓድ ውስጥ።»

«ምን ይሠራል?»

«ውኃው እንዳይነጥፍ ይጠብቃል። መንደሩ ሲሰጥም እሱ ብቻ አልሸሸም።»

«ክፉ ሠርቷል?»

«አልሠራም። መልኩ ነው የሚያስፈራው።»

«ታዲያ ማን ነው ሰይጣን ያለው?»

«እንግሊዝኛው።»

«ጃፓኖቹስ?»

ፀደይ አታውቅም ነበር። ፊልሙን ትታ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ቆየች። ጃፓኖቹ የሚጠሩት ክፉም ደግም ሊሆን በሚችል ስም ነው፤ እንግሊዝኛው ትክክለኛ አቻ ስላጣለት ዲመን ብሎ አልፎታል።

«እንግዲያው በሥራው ጥሪው» አሉ መሪጌታ። «ዐቃቤ ማይ በይው። የውኃ ጠባቂ ማለት ነው። ሰው ዐቃቤ ሕግ ሲባል ይሰማል፤ አይጠፋውም።»

«መልአክ አይመስላቸውም?»

«ቀንድ አለው አላልሽኝም? አይመስልም።»

ፀደይ ሳቀችና ቀጠለች። ፊልሙም እንደ ጌሙ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሳያሳይ፣ ሚዮ ከበሮዋን ውጭ ትታ በበሩ ስትገባ ያበቃል። መሪጌታ «ከዚያስ?» አሉ። ሁለተኛው ክፍል ገና እየተሠራ መሆኑን ስትነግራቸው አልተደሰቱም።

ንፋስ መውጫ እንደተመለሰች መጀመሪያ የሄደችው ወደ ወይዘሮ ቦጋለች መደብር ነው። የሆነውን ነገረቻቸው።

«መሪጌታ ራሳቸው ናቸው ያሉት?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«ስሙን ለውጠሽ ያንኑ እንዳታሳይኝ። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።»

ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ቤቲን አጠገባቸው አድርገው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩ። ሲወጡ ፀደይን ጠጋ ብለው «ከበሮውን ለምን ጥላው ገባች?» ብለው ጠየቁ። ፀደይ እሷም እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቲ ብቻዋን ትመጣለች። ልጆቻቸውን መልሰው ያልላኩ እናቶችም አሉ፤ አንድ ጎረቤትም በግእዝ ቃል ፊልም መተርጎም ድፍረት ነው ብሎ ተቀይሟታል። እሷ ሁሉንም ማስደሰት እንደማትችል ተቀብላለች።

መሪጌታ በጥር ለጉዳይ ንፋስ መውጫ ሲመጡ ፊልሙን በዳነው ዓይናቸው አዩት። ብዙም አልወደዱትም። «እኔ የሳልሁት ቀንዱ ረዘም ያለ ነበር። ስትነግሪኝ ይሻል ነበር» አሏት።

ሁለተኛው ክፍል በዚህ ዓመት ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ለከርሞ ተላለፈ። ፀደይ ይህን ለደንበኞቿ በሱቁ በር ላይ ለጠፈችላቸው። ጥቂቶቹ ተነጫነጩ፤ አብዛኞቹ ጌሙን እንደገና ጀመሩት። እሷ ደግሞ እስኪመጣ ድረስ የቆዩ ፊልሞቿን አውጥታ ከመጀመሪያው ታያቸዋለች። ያኔ ቸኩላ የተረጎመቻቸው ቃላት አሁን ጆሮዋን ይቆረቁሯታል፤ አንድ በአንድ እያነሣች ትለውጣቸዋለች።