የወንጌላዊ አንጁሎ ምርቃት

ሚልክያስ ሰው ማሳቅ የጀመረው ቦዲቲ፣ በገዛ አባቱ ድምፅ ነው። አባቱ ወንጌላዊ አንጁሎ በጸሎታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ሰርግ ይሁን ለቅሶ፣ እርሳቸው "ጌታ ሆይ!" ካላሉ የተጀመረ አይመስልም። ልጅየው ታዲያ የአባቱን ኮት ደርቦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ያንን ድምፅ ሲያወጣው፣ እናቱ ሽታዬ "መጡ እንዴ?" እያሉ ከጓሮ ይሮጡ ነበር። አንጁሎ አይቆጡም። "ይሄ ልጅ በአገልግሎት ይተካኛል" ይሉ ነበር። አይ ሰው! የነገውን ቢያውቅ ምን ይውጠው ነበር?

ሶዶ ሲማር የትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ አገኘው። ያኔ በየትምህርት ቤቱ ክበብ የበዛበት ዘመን ነው። በገበያ ቀን፣ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ስለ ሞት እያወራ ሰው ያስቅ ነበር። ከዚያ አዋሳ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። አዲስ አበባ ደግሞ ለማንም ቶሎ አትስቅም። ጾሙን እየዋለ፣ በየመጠጥ ቤቱ ለሰካራም እየቀለደ ዓመታት ፈጀ።

በዚህ መሃል አንጁሎን በሽታ ጣላቸው። ግማሽ ጎናቸው ዛለ፣ ምላሳቸው ከበደ። "ጌታ" ለማለት "ጌ… ጌ…" ይላሉ፤ አፋቸው ወደ ግራ ይጎተታል፣ ምራቃቸው ይወርዳል። ጉባኤው ግን አንድም ቀን አልቸኮለባቸውም። እስኪጨርሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ አሜኑም ከቀድሞው ይበልጥ ይጮኻል። ሚልክያስ ሊጠይቃቸው መጥቶ ያንን ጸሎት ሰማና አለቀሰ። ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ ይህን አልክድበትም። ያ የተረገመ ዓይኑ ግን እያለቀሰም የአፋቸውን አጎታተት ያጠና ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቴሌቪዥን መዝናኛ ላይ ተራ ደረሰው። ያዘጋጀው ቀልድ ከሸፈ። አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ላብ አጠመቀው፤ ያን ሁሉ ዓመት የተራበለት ነገር ዓይኑ እያየ ሊያመልጠው ሆነ። ያኔ አገጩ ቀና፣ አፉ ወደ ግራ ጥምም አለ። "ጌ… ጌ… ጌታ ሆይ!"

ወይ ጉድ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ "ሽማግሌውን ድገመው" ተባለ፤ ደገመው። አገር ሳቀ፤ ፎቶው በየሚኒባሱ መስታወት ላይ ተለጠፈ። ወላይታም "ልጃችን!" ብሎ ኮራ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አንጁሎ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። አንድ እሑድ ሊጸልዩ ተነሥተው "ጌ…" ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ትልልቆቹም አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ዞረው አዩ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ወደ ቤት ሲሸኛቸው ነገሩን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅ አውጥተው አልጸለዩም፤ ማዕድ ላይ እንኳ።

"ሚልኪ፣ ጊፋታ ሳይገባ ና" ብለው ሽታዬ ደወሉ። "ቂም ይዘን ዓመት ልንሻገር ነው?"

ወላይታ በአዲስ ዓመቱ በጊፋታ የተጣላ ሳይታረቅ አይበላም፤ የቤቱ ታላቅ ሳይመርቅም ሥጋውን የሚነካ የለም። ሚልክያስ ሰንጋ ነድቶ፣ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቱ እንደ ድሮው አፍ አውጥተው ሲመርቁ መስማት። እግራቸው ላይ ወደቀ።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ሁለተኛ አልደግመውም።"

አንጁሎ በደህና እጃቸው አንሥተው ግንባሩን ሳሙት።

ሽታዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ" አሉ። "አባትህ ግን ይቅር ብሎሃል።"

ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ቀረበ። ዘመድ አዝማዱ፣ ሕፃን አዋቂው ከበበ። አንጁሎ በምርኩዛቸው ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ። ከፊታቸው የተቀመጡትን ልጆች አዩ፤ ትንሹ ገና ካሁኑ አፉን በእጁ ይዟል። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ቁጭ አሉና የልጃቸውን ትከሻ ያዙ።

"አ… አንተ መርቅ።"

"አባዬ! አንተ እያለህ?"

"የኔን ጸሎት… አ… አንተ ታውቀዋለህ።"

በምሬት አላሉትም። በምሬት ቢሉት ይሻለው ነበር።

ሚልክያስ ተነሣ። በራሱ ድምፅ ሊጸልይ ቆረጠ። ነገር ግን ሳጉ ጉሮሮውን ዘጋው፣ አፉ ተንቀጠቀጠ።

"ጌ… ጌ…"

"ደገመው! ደገመው!" ልጆቹ እየተንከባለሉ ሳቁ። አዋቂውም አልቻለም፤ ሳቀ። ሚልክያስ እንባው እየወረደ ቀጠለ። እንባው በወረደ ቁጥር "እዩት፣ ሲያለቅስ ደግሞ!" እያሉ ባሰባቸው። ማንም አላመነውም።

አንጁሎ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪጨርስ ጠበቁት። አልቸኮሉበትም።

ሲጨርስ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል፣ ብቻቸውን "አ… አሜን" አሉ።